ቪአር መነጽር፦ አንገትና ዓይን ሳይጎዱ እንዴት ይደረጋል?

ቪአር መነጽር (ዓይንን ሸፍኖ ጌሙ ወይም ፊልሙ ውስጥ የገባችሁ የሚያስመስል፣ ራስ ላይ የሚታሰር ማሳያ) ያደረገ ሰው ሲያወልቅ እጁ ወዴት እንደሚሄድ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ወይ ማጅራቱን ይይዛል፣ ወይ ዓይኑን ያሻል። ግንባሩና ጉንጩ ላይ የስፖንጁ ቅርጽ ታትሞ ቀርቷል። ከዚያ «ኧረ ይሄ ነገር ይከብዳል!» ይላል። ይከብዳል፣ እውነት ነው። ግን የሚያሳምመው አብዛኛውን ጊዜ አደራረጉ ነው። ሰው መነጽሩን ፊቱ ላይ ጠፍንጎ ያስራል፤ መሸከም ያለበት ግን ፊት ሳይሆን ራስ ቅል ነው። የአንገቱ ጣጣ ሁሉ ከዚህ ይመዘዛል። ዓይንና ሆድ የራሳቸው ጣጣ አላቸው፣ እደርስባቸዋለሁ። ቤቱ ቁጭ ብሎ ለብቻው ለሚጫወትም፣ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ላይ በጌም ቤትና በባዛር በደቂቃ ሒሳብ ለሚያስጫውትም የሚሆን ነገር ነው።

መጀመሪያ ክብደቱን እወቁት

የሜታ ኩባንያ መነጽር የሆነው ኩዌስት 2፣ 503 ግራም ይመዝናል። ኩዌስት 3 515 ግራም ነው። የፕሌስቴሽኑ ቪአር 2 560 ግራም ገደማ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው አፕል ቪዥን ፕሮ ደግሞ ባትሪው ለብቻው ኪስ ውስጥ ገብቶለት እንኳ ከ600 ግራም ይጀምራል። በግርድፉ ግማሽ ኪሎ ናቸው ብትሉ አልተሳሳታችሁም።

ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ያዙና ደረታችሁ ላይ አስጠጉት። ምንም አይደል። አሁን ክንዳችሁን ወደፊት ዘርግታችሁ ያዙት፣ ትንሽ ቆዩ። ያው ውሃ ነው፣ ትከሻችሁ ግን ሌላ ነገር ይነግራችኋል። መነጽሩም የሚቀመጠው ከዓይን ፊት ለፊት፣ ከአንገት ርቆ ነው። የአዋቂ ሰው ራስ ራሱ ከአራት ተኩል እስከ አምስት ኪሎ ይሆናል፤ አንገት ለሱ የተሠራ ስለሆነ አናስታውሰውም። ግማሽ ኪሎ ወደፊት ሲጨመርበት ግን ራሳችሁ እንዳይደፋ የማጅራት ጡንቻ ሳያርፍ ይጎትታል። አቀርቅራችሁ ስታዩ ደግሞ ይብሳል።

በነገራችን ላይ ይሄ ችግር የዛሬ አይደለም። በ1968 እ.ኤ.አ. አይቫን ሰዘርላንድ አሜሪካ ውስጥ ራስ ላይ የሚደረግ ማሳያ ሲሠራ፣ መሣሪያው ለሰው አንገት ስለማይቻል ከጣራ ላይ ነበር የተንጠለጠለው። ከዚያ ወዲህ ክብደቱ በጣም ቀለለ። ሸክሙ ግን ከጣራው ወደ እኛ አንገት ወረደ።

ማሰሪያውን እንዲህ እሰሩ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፤ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው።

መጀመሪያ ሁሉንም ማሰሪያ አላሉት። ሌላ ሰው ያሰረውን እንዳለ ራሳችሁ ላይ አትጫኑ፤ የእሱ ራስ የናንተ አይደለም። መነጽሩን ዓይናችሁ ላይ ካስቀመጣችሁ በኋላ በአንድ እጅ እንደያዛችሁ የኋላውን ማሰሪያ በራሳችሁ ላይ አሳልፋችሁ አውርዱት። ከኋላ፣ ከማጅራት ከፍ ብሎ፣ ስትዳስሱት ጎልቶ የሚገኝ አጥንት አለ። ማሰሪያው ከዚያ አጥንት ሥር ገብቶ መያዝ አለበት። ከሱ በላይ ከሆነ ወደ ላይ ይንሸራተታል፣ መነጽሩ ወደ አፍንጫችሁ ይወርዳል፣ እናንተም ጎኑን ታጠብቃላችሁ፣ ራስ ምታቱም ከዚያ ይጀምራል።

ቀጥሎ በአናት ላይ የሚያልፈውን ማሰሪያ አሳጥሩ። ክብደቱን የሚሸከመው እሱ ነው። መነጽሩ ትንሽ ወደ ላይ ተነስቶ ጉንጫችሁ ቀለል እስኪለው ድረስ ሳቡት። የጎን ማሰሪያዎቹ መጨረሻ ላይ ናቸው፤ ሥራቸው እንዳይወዛወዝ መያዝ እንጂ መሸከም አይደለም። ብዙ ሰው ግን የሚያደርገው የተገላቢጦሹን ነው፣ የአናቱን ረስቶ የጎኑን ብቻ ያጠብቃል። ግንባርን ጠፍንጎ የሚይዝ ነገር ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። የዋና መነጽርና የሞተር ሄልሜት ሲጠብም እንዲሁ ነው።

መጥበቁን የምታውቁት እንዲህ ነው። ጠቋሚ ጣታችሁን ጉንጫችሁ ላይ በስፖንጁ ሥር ለማስገባት ሞክሩ። ትንሽ ታግላ ከገባች ጥሩ ነው። ጭራሽ ካልገባች ጠብቋል። ከዚያ ራሳችሁን ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች አንቀሳቅሱ። ከተንሸራተተ የአናቱን ወይም የኋላውን ቦታ አስተካክሉ፣ ወደ ጎኑ ማሰሪያ አትሩጡ።

ከፋብሪካ አብሮ የሚመጣው ለስላሳ የላስቲክ ማሰሪያ፣ በኔ አስተያየት፣ ለሩብ ሰዓት ጨዋታ ካልሆነ አይረባም። ገንዘብ ካላችሁ ከጌም በፊት ጠንካራ ማሰሪያ ግዙ፤ ከኋላ በጎማ ቁልፍ የሚዞረው ወይም ግንባር ላይ አርፎ እንደ ቀለበት ራስን የሚዞረው ዓይነት። የግንባሩ ዓይነት ፊትን ነጻ ያወጣል፣ ግንባሩ ጠባብ ለሆነ ሰው ግን ላይመች ይችላል፤ ሞክራችሁ ግዙ።

ጸጉር ነገር። ሹሩባ ላይ የአናቱ ማሰሪያ ይንሸራተታል፤ በሁለት ጉንጉን መሀል እንዲያልፍ አድርጉት። ጸጉሯን ከኋላ የጠቀለለች ልጅ ከመጣች «እታለም፣ ጸጉርሽን ትንሽ ዝቅ አድርገሽ እሰሪው» ብትሏት ይሻላል፤ ጥቅሉ ያ አጥንት ላይ ካረፈ ማሰሪያው የሚይዝበት የለውም። ስስ ሻሽ ችግር የለውም፣ እንዲያውም ላብ ይጠጣል። ወፍራም ነጠላ ግን ከሥሩ አይሆንም። ጥምጥም ያደረጉ አባት ለማየት ከፈለጉ ደግሞ አውልቁ አይባልም። «አባቴ፣ ይቀመጡና በእጅዎ ዓይንዎ ላይ ይዘው ይዩት» በሏቸው። ክርናቸውን ጠረጴዛ ላይ ካስደገፉ ሁለት ሦስት ደቂቃ በደንብ ያያሉ፣ ጥምጥሙም አይነካም።

ከኋላ ሚዛን ጨምሩበት

ክብደት ለመቀነስ ክብደት መጨመር ሲባል ይገርማል። ግን ይሠራል፤ ከኋላ የተጨመረው የፊቱን ስለሚመልሰው አንገት ወደፊት መጎተቱን ያቆማል።

ቀላሉ መንገድ ሁለት መቶ ግራም ገደማ የሆነች ትንሽ ፓወር ባንክ በቬልክሮ የኋላው ማሰሪያ ላይ ማሰር ነው። ቻርጅም ታደርጋለች፤ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ሁለት ጥቅም ነው። ገመዱ አጭር ይሁን፣ ጆሮ ላይ አይንጠልጠል። ፓወር ባንኳ ከጋለች ግን ወዲያው አንሷት፣ ማጅራት ላይ የጋለ ባትሪ አያስፈልግም።

ፓወር ባንክ ከሌለ ልብስ ሰፊ ጋ ሂዱና የመዳፍ ያህል ከረጢት በሁለት ድርብ ጨርቅ አሰፉ። ጤፍ ሙሉበት። ጎጃም ላይ ደግሞ ጤፍ አይጠፋም። ጠጠር ወይም ሳንቲም አትጠቀሙ፣ ይወጋል፣ ሲንቀሳቀሱም ይንኳኳል። ጤፍ የራስን ቅርጽ ይዞ ይተኛል። ግን ደቃቅ ስለሆነ ስፌቱ ጥብቅ ይሁን፣ አለዚያ አንገታችሁ ሥር ጤፍ ስታራግፉ ልትውሉ ነው። በመቶ ሃምሳ ግራም ጀምሩ። መነጽሩን ካደረጋችሁ በኋላ እጃችሁን ስትለቁት ራሳችሁ ወደፊት መደፋት ካልፈለገ በቂ ነው። ቦክስና ዳንስ ዓይነት ጌም ላይ ግን ቀንሱት ወይም አንሱት፤ ራስ በፍጥነት ሲዞር የሚመታው ጠቅላላው ክብደት ነው።

ሌንሱን ከዓይናችሁ ጋር አገናኙ

በሁለት የዓይን ብሌኖች መሀል ያለው ርቀት ከሰው ሰው ይለያያል። አዋቂ ላይ አማካዩ 63 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ኩዌስት 2 እና ኩዌስት 3ኤስ ለሌንሶቹ ርቀት ሦስት ቦታ ብቻ ነው ያላቸው፦ 58፣ 63 እና 68 ሚሊሜትር። ኩዌስት 3 ከሥሩ የምትዞር ጎማ አለችው፣ ከ58 እስከ 71 ትሄዳለች። ይሄ ካልተስተካከለ ዓይን ሁለቱን ምስል ለማገጣጠም ሲታገል ይውላል፤ ከዓይን ጀርባ የሚጀምር ራስ ምታት ካላችሁ መጀመሪያ ይሄን ጠርጥሩ።

ለመለካት መስታወትና የተማሪ ማስመሪያ ይበቃል። ከመስታወቱ አንድ ስንዝር ያህል ራቁ። ማስመሪያውን ቅንድባችሁ ላይ አጋድሙ። ቀኝ ዓይናችሁን ጨፍኑና ዜሮውን ከግራ ብሌናችሁ መሀል ጋር አስተካክሉ። ራሳችሁንም ማስመሪያውንም ሳታንቀሳቅሱ ግራውን ጨፍናችሁ ቀኙን ክፈቱ። የቀኝ ብሌናችሁ መሀል ላይ ያለው ቁጥር የናንተ ነው። ደግማችሁ ለኩ፤ ማስመሪያ ይሸውዳል።

«ብዥ ይላል» የሚል ሰው ሲመጣ ደግሞ ከቁጥሩ በፊት መነጽሩን ትንሽ ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ታች እንዲያንቀሳቅስ ንገሩት። ብዙ ጊዜ መነጽሩ ወርዶ ነው። ጽሑፍ እንዲያነብ አድርጉና ፊደሉ ጥርት ያለበት ቦታ ላይ የአናቱን ማሰሪያ ቆልፉ።

የማየት መነጽር የምታደርጉ ሰዎች ቪአሩን ከፊት ወደ ኋላ አልብሱት፣ ከላይ ወደ ታች አትሳቡት። ኩዌስት 2 በሳጥኑ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ፕላስቲክ ማራቂያ አለው፤ ኩዌስት 3 ላይ ርቀቱን ራሳችሁ ታስተካክላላችሁ። ያንን ካልተጠቀማችሁ መስታወት ከሌንስ ጋር ይፋቃል፣ ሁለቱም ይጫጫራሉ።

የዓይን ድካሙ ሌላም ምክንያት አለው። ሌንሱ ዓይናችሁን ሁልጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር ባለ አንድ ቋሚ ርቀት ላይ እንዲያተኩር ያስገድደዋል። ምስሉ ግን አፍንጫችሁ ሥር የመጣ ሲመስል ሁለቱ ዓይኖች ወደ ውስጥ ይዞራሉ። መዞሩ «ቅርብ ነው» ይላል፣ ማተኮሩ «አይደለም» ይላል። ስለዚህ የሚነበብ ነገርን አስጠግታችሁ አታንብቡ። ራቅ አድርጉትና ፊደሉን አተልቁ። በየሃያ ደቂቃው አውልቁና ሩቅ ነገር እዩ። ባሕር ዳር ያላችሁ ጣና አለላችሁ፤ ሌላው በመስኮት ተራራ ይፈልግ። ከመነጽሩ ወጥቶ ስልክ ላይ መደፋት ግን እረፍት አይባልም። ዓይን መጨፈንና መክፈትም አትርሱ፣ ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ሰው ሳያውቀው ይቀንሰዋል፣ ዓይኑም ይደርቃል።

ሲያጥወለውል

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም በአውቶቡስ የመጣ ሁሉ ይሄን ያውቀዋል። ጎሐ ጽዮንን አልፎ ወደ አባይ በረሃ መውረድ ሲጀመር ፌስታል የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም። ደጀን እስኪደረስ ያ ጥምዝምዝ አያልቅም። እዚያ ላይ ጆሮ ውስጥ ያለው ሚዛን ጠባቂ «እየዞርን ነው» ሲል፣ ከፊት ያለውን ወንበር የሚያይ ዓይን «ቆመናል» ይላል። ቪአር ላይ የተገላቢጦሽ ነው፦ ዓይን ይበራል፣ ገላ ቁጭ ብሏል። አንጎል በሁለቱም አይስማማም፣ ውጤቱም ያው ነው፣ ምራቅ መሙላት፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ማዛጋት፣ ከዚያ ማቅለሽለሽ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የአባይን ጥምዝምዝ ሲነዳ ሾፌሩን ብዙም አያጥወለውለውም፤ መቼ እንደሚዞር ያውቃላ። ቪአር ላይም ጆይስቲኩን የያዘው ዝም ብሎ ከሚመለከተው ይሻላል። እኛ ግን ለጀማሪ መጀመሪያ የምንከፍትለት ሮለር ኮስተር፣ ያ በሐዲድ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚምዘገዘገው፣ ነው! ይሄ ግፍ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ተቀምጦ፣ አካባቢው የማይንቀሳቀስበት ነገር ይክፈት፤ አምስት ደቂቃ፣ ቢበዛ አሥር። ጌሙ ውስጥ መሄድ ካለ እየዘለለ ቦታ የሚቀይረውን አካሄድ ምረጡ፣ መዞሩንም ለስላሳውን ትታችሁ ቆረጥ ቆረጥ የሚለውን። ፊት ለፊት ማራገቢያ ክፈቱ፤ ንፋሱ ያቀዘቅዛል፣ ፊታችሁ ወዴት እንደዞረም ይነግራችኋል።

ምልክቱ ሲጀምር ወዲያው አውልቁ። «ትንሽ ቆይ፣ ትለምደዋለህ» የሚል ጓደኛ አለ፤ አትስሙት። መልመድ አለ፣ ግን የሚለመደው ሳያምም በማቆምና በሌላ ቀን በመመለስ ነው። ታግሎ የጨረሰ ሰው ሰዓታት ሙሉ ራሱ ሲዞር ሊውል ይችላል።

ሆድም ይቆጠራል። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ የዋለ ሰው ይቅርበት፣ ከበላ በኋላ ይምጣ። ግን ጥግብ ብሎ ከማዕድ እንደተነሳም አይሆንም። አረቄ የቀመሰማ ጭራሽ። የዝንጅብል ሻይ አንዳንዱን ሰው ያረጋጋዋል፣ ቢሞከር አይጎዳም። ካወለቃችሁ በኋላ ራሳችሁ እስኪረጋ ተቀመጡ። ባጃጅ ወይም ሞተር የምትነዱ ከሆነ ደግሞ ቁልፉን ቶሎ አታንሱ።

አቀማመጥና አቋቋም

ፊልም ለሚያይ ሰው ከሁሉም የሚሻለው ጀርባው ረዥም ወንበር ነው። ራሳችሁን አስደግፉ፤ ክብደቱን ወንበሩ ይሸከመው። ከዚያ ስክሪኑ ጣራ ላይ ወይም ጉልበታችሁ ላይ ከወጣ አንገታችሁን አትጠምዝዙ። ኩዌስት ላይ በቀኙ ጆይስቲክ ያለችውን የሜታ ቁልፍ ተጭናችሁ ስትቆዩ ምስሉ ወዳያችሁበት ይመጣል። ከዓይን ትንሽ ዝቅ ያለ ቢሆን ይመረጣል፣ በጣም ዝቅ ማለት ግን አንገት ያስደፋል።

ለመዞር አንገት ሳይሆን ገላ ይዙር። የሚሽከረከር ወንበር ካለ ጥሩ፣ ከሌለ ቆማችሁ በእግር ዙሩ። መደገፊያ ያላት ነጭ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ሆናችሁ እጅ የሚወናጨፍበት ጌም አትክፈቱ፣ ክርን ይመታል። ክርናችሁን ጎናችሁ አጠገብ ያዙ፤ እጅ ተዘርግቶ ሲቆይ ትከሻ ይቃጠላል፣ እሱም ወደ አንገት ይወጣል። ቆማችሁ ስትጫወቱ ጫማ አውልቁና እግራችሁ ሥር ትንሽ ምንጣፍ ጣሉ። እግራችሁ ከምንጣፉ ሲወጣ ሳታዩ ታውቃላችሁ።

በየእረፍቱ ትከሻ አላቅቁ። ለጎጃም ሰው ይሄን ማስተማር ድፍረት ነው፣ እስክስታው አለና። አንዲት ብቻ ልጨምር፦ ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡና አገጫችሁን ወደ ታች ሳይሆን ወደ ኋላ ሳቡ፤ ድርብ አገጭ እስክታወጡ። አምስት ሰከንድ ያዙ፣ ልቀቁ፣ አሥር ጊዜ ድገሙት። ሲታይ ያስቃል፣ ለማጅራት ግን ፍቱን ነው።

ለብዙ ሰው የምታስጫውቱ ከሆነ

ትራኮማ በአማራ ክልል ያለ በሽታ ነው። በእጅና በጨርቅ፣ በዝንብም ይተላለፋል። አንድ ስፖንጅ ቀኑን ሙሉ ከዓይን ወደ ዓይን ሲዞር ምን ይዞ እንደሚዞር አስቡት። ዓይኑ የቀላ ወይም ፈሳሽ የሚወጣው ሰው በትህትና ይመለስ፤ «ጋሼ፣ ሲሻልዎት በነጻ አሳይዎታለሁ» ቢባል ማንም አይቀየምም። ስፖንጁን በሲሊኮን ሽፋን ሸፍኑ፣ ከእያንዳንዱ ሰው በኋላ ጥረጉ። ሌንሱን በደረቅ የመነጽር ጨርቅ ብቻ፤ አልኮል አይነካውም። በ2021 እ.ኤ.አ. ሜታ ያን ጊዜ ፌስቡክ ሲባል የኩዌስት 2 ስፖንጅ የአንዳንድ ሰዎችን ቆዳ ስላሳከከ መልሶ ሰብስቦት ነበር፤ መፍትሔውም ይኸው የሲሊኮን ሽፋን ነበር።

ሌንሱን ወደ ፀሐይ አዙራችሁ አታስቀምጡ። የባሕር ዳር ፀሐይ በሌንሱ ገብታ ስክሪኑን ለማቃጠል ብዙ አትቆይም። ደብረ ማርቆስ ደግሞ ጠዋት ብርዱ ሌንሱ ላይ ጉም ያመጣል፣ ሰውም ዓይኑን እያጠበበ ሊያይ ይታገላል። ቀድማችሁ ከፍታችሁ ትንሽ አሙቁት።

ለልጆች፦ ሜታ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ዕድሜ 13 ነበር፣ በ2023 እ.ኤ.አ. በወላጅ ቁጥጥር ወደ 10 አውርዶታል። ከዚያ በታች ያለ ልጅ የዓይኖቹ ርቀት ከ58 ሚሊሜትሩም ሊጠብ ይችላል፣ አንገቱም ገና ነው። አባቱ ቢለምንም እምቢ በሉ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር አያድርግ። የአንገት ዲስክ ችግር ያለባችሁም እንደዚያው። ከጨዋታ በኋላ ህመሙ ከአንገት ወደ ክንድ ከወረደ፣ ጣት ከደነዘዘ፣ ወይም ነገር ሁሉ ሁለት ሁለት ሆኖ መታየቱ ካልቆመ ማሰሪያ ማስተካከሉን ትታችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ።